አንጓችና የወይባ ገደል

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ የሆነው ወይባ ወንዝ ላይ ድልድይ ሳይሠራ፣ የአያቶቻችን አያቶች እዚህ አፋፉ ላይ ገና ጎጆ ሲቀልሱ ነው።

ያኔ በእኛ መንደር፣ በጠረር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የባላባት ልጅ አይደለችም። መልኳም ዘፈን የሚወጣለት አልነበረም። ከባሏ ከውብነህና ከአማቷ ከእማማ ደብሪቱ ጋር በአንዲት ጎጆ ትኖር ነበር። አንድ ነገር ግን ነበራት፤ ድምፅ። ምን ዓይነት ድምፅ መሰላችሁ? ቤቷ ተቀምጣ “እስቲ ውሃ አቀብሉኝ” ስትል ጎረቤት ውሃ ይዞ ይመጣ ነበር። ምስጢር የሚነግራት ሰው አልነበረም። ወሬኛ ሆና አይደለም፤ በሹክሹክታ የመለሰችውን መንደሩ ሁሉ ስለሚሰማው ነው።

እማማ ደብሪቱ ደግሞ ጭምት ሴት ነበሩ። ሲናገሩ ከንፈራቸው እንኳ በደንብ አይከፈትም።

“ኧረ ቀስ በይ አንቺ ልጅ! ሰው ምን ይለናል?” ይሏታል።

“እሺ እማማ” ትላለች አንጓች። እሺታዋም ከጓሮ እስከ ደጅ ይሰማል።

አንድ ቀን በመንደሩ አንዲት ባልቴት አረፉ። አንጓች ትወዳቸው ነበር። ለቅሶው ላይ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ሴቶቹም ሲቀበሉ፣ አንጓችም ከልቧ ተቀበለች። ድምፅዋ የአልቃሿን ድምፅ ዋጠው። የሁሉንም ዋጠው። ከወንዶቹ መካከል አንዱ ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ። በለቅሶ ላይ ተሳቀ፣ ልጆቼ! አልቃሿ ተቆጣች። እማማ ደብሪቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንጓች ለባልቴቷ የያዘችውን እንባ በኀፍረት አፈሰሰችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፏን ዘጋች። የሚጠይቃት ካለ ራሷን ትነቀንቃለች። ውብነህ ማታ ከእርሻ ሲመለስ “ምነው አንጓች፣ ቤቱ ባዶ መሰለኝ እኮ” ይላታል። እሷ ግን ራቱን ታቀርብለታለች። ክረምቱ በዝምታ አለፈ።

አዝመራው ደረሰ። ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ዋለ፤ በሬዎቹ እህሉን እየዞሩ ያበራያሉ። አንጓች ምሳ ይዛ ስትመጣ የዝንጀሮ መንጋ ማሽላው ውስጥ ገብቶ ሲያወድም አየች። ክረምቱን ሙሉ የጠበቀችው ዝምታ ያን ጊዜ ተረሳ። ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች። ዝንጀሮዎቹ እየተረጋገጡ ገደል ወረዱ። ነገር ግን በሬዎቹም ደነበሩ። እህሉን በተኑት። የጎረቤት በሬ ከእርከኑ ወድቆ እግሩ ተሰበረ።

ውብነህ የራሱን ወይፈን ሰጠ፤ ነገሩ በእርቅ አለቀ። የአንጓች ልብ ግን አልታረቀም። ማሽላው ዳር ተቀምጣ “ይህን ጉሮሮ ለምን ፈጠርክብኝ?” እያለች አምላኳን ትጠይቅ ነበር።

እዚያው ማማ ላይ ተቀምጠው እህል የሚጠብቁ አያ ጎሹ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወርደው አጠገቧ ተቀመጡ።

“ልጄ፣ እኔ ወንጭፍ ይዤ እዚህ አረጀሁ። እነዚያን ዝንጀሮዎች እንዲህ አድርጌ አባርሬ አላውቅም።”

“በሬውስ አያ ጎሹ?”

“በሬውማ ተሰበረ። ወይፈን ሳይገራ ቢጠመድ ሞፈር ይሰብራል። ታዲያ ወይፈኑን ይገሩታል እንጂ ይጥሉታል? ድምፅሽን ግሪው። ገደሉ ይኸውልሽ፤ ሰውም ከብትም አይደነግጥብሽም።”

አንጓች ወደ ገደሉ አፋፍ መሄድ ጀመረች። ከገደሉ ማዶ ድንጎራ የሚባለው መንደር አለ። መጀመሪያ እንደመጣላት ጮኸች። ገደል ማሚቶው ቃሉን አደባልቆ መለሰላት። ቃሏን አሳጠረች። ገደሉ መልሶ እስኪጨርስ ጠበቀች። ነፋሱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከሆዷ አየር መሳብ ለመደች። እንጨት ለቀማ ስትወጣም፣ ውሃ ስትቀዳም፣ ጎራ ትላለች። አንዳንድ ቀን ድምፅዋ ይከዳታል፤ አንዳንድ ቀን እሷው ተስፋ ትቆርጣለች። ማግስቱን ግን ትመለሳለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከማዶ አንዲት ሴት በጓሮዋ ጎንበስ ብላ ስትሠራ አየች። “እመቤቲቱ ሆይ!” አለቻት። ሴትየዋ ቀና አለች። እጇን በግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ጠረር አየችና “አቤት!” አለች።

አንጓች ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጠርታት “አቤት” ያለቻት የመጀመሪያዋ ሰው ያቺ ሴት ነበረች።

ሌላው ነገር የመጣው በገበያ ቀን ነው። ጠረሮች ድንጎራ ገበያ ውለው፣ በወንዙ አሸዋ ላይ እየተጓዙ ይመለሱ ነበር። እማማ ደብሪቱም አህያ እየነዱ ከመካከላቸው ነበሩ። በጠረር ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከላይ፣ ከደጋው፣ ግን ደመናው ጠቁሯል። አንጓች አፋፉ ላይ ቆማ ስታይ ደራሽ ውሃ ግንድ እያንከባለለ መጣ። መንገደኞቹ ወንዙ ከሚታጠፍበት በታች ስለነበሩ አላዩትም። እየተሳሳቁ ነው የሚሄዱት።

ጩኸቱ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። መለሰችው። አህዮቹ ቢደነብሩ፣ ሰዉም ወዴት እንደሚሸሽ ሳያውቅ ቢበተን፣ ማን ሊተርፍ? ከሆዷ አየር ሳበች።

“እማማ ደብሪቱ!” አለች። ጠበቀች። ሁሉም ቆመው ሽቅብ አዩ።

“ውሃ!” አለች። ጠበቀች። “ቋጥኙ ላይ! ቋጥኙ ላይ ውጡ!”

ቃሉ ሳይደባለቅ ወረደላቸው። ልጅ ያለው ልጁን አዘለ፤ ሁሉም በወንዙ ዳር ወዳለው ትልቅ ቋጥኝ ወጡ። እማማ ደብሪቱ ግን የአህያውን ገመድ ይዘው ይጎትታሉ።

“ይተዉት እማማ! አህያውን ይተዉትና ይውጡልኝ!”

ተዉት። ሰዎች እጃቸውን ይዘው ሳቧቸው። ውሃው ከእግራቸው ሥር እየጮኸ አለፈ። አህያው ሄደ። ከሰው ግን አንድም አልጎደለም።

ውሃው ሲጎድል መንገደኞቹ ዳገቱን ወጡ። እማማ ደብሪቱ አፋፉ እስኪደርሱ አልጠበቁም። እኚያ ከንፈራቸው የማይከፈት ሴት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከዳገቱ ሥር ሆነው “አንጓች! ልጄ!” ብለው ተጣሩ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። የአንጓች ድምፅ ደግሞ ጭራሹን ጠፍቶ ነበር። እየሮጠች ወርዳ እቅፋቸው ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ታናሹ ልጃቸው፣ የውብነህ ወንድም፣ ሲያገባ፣ እማማ ደብሪቱ ሙሽራዋን ቤት ከማስገባታቸው በፊት ወደ አፋፉ ወሰዷት። “በይ ልጄ፣ ስምሽን ተጣሪ። ምን እንዳለሽ ማን ያውቃል?” አሏት። ሙሽራዋ እያፈረች ስሟን ተጣራች። ከማዶም “አቤት!” ተባለላት።

ይኸው እስከ ዛሬ ጠረር ገብታ የምታገባ ሙሽራ ሁሉ አማቷ እጇን ይዛ አፋፉ ላይ ታቆማታለች። ድምፅዋ የጎላም ትጠራለች፤ ድምፅዋ የሰለለም ትጠራለች። ድንጎራዎችም የሙሽራዋን ጃንጥላ ከሩቅ ሲያዩ ደጃቸው ወጥተው ይጠብቃሉ። አንዳንዷ ከእፍረቷ የተነሳ አጠገቧ ላለነው እንኳ ድምፅዋ አይሰማም። እነሱ ግን እጃቸውን እያውለበለቡ፣ ሁልጊዜም፣ “አቤት!” ይላሉ።