ከበር የተመለሰችው ነርስ

ፈለቀ የሚባል ሰው ታናሽ ወንድሙ አእምሮው ታውኮበት፣ እሱን ይዞ ሐኪም ቤት ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ «ቤተሰቡም ይምጣ» ቢለው ግራ ገባውና ፊደል ወዳስቆጠሩት መምህር ሄደ። «የኔታ፣ የታመመው ወንድሜ ነው። እኛ ሐኪም ፊት ቀርበን ምን ልንል ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

የኔታ እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ እህል ነጋዴ ነበረ። የዕድር ዳኛ ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሰውም ያከብረዋል። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ልጅቱ ለአካለ መጠን እንደ ደረሰች ማንም የማይሰማው ድምፅ ይሰማት ጀመር፤ «ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው» እያለችም ምግብ እምቢ አለች። አባቷ ጠበል ወሰዳት፣ በኋላም ሐኪም ዘንድ አደረሳት። መድኃኒቱ ያዘላት። እንቅልፏ ተመለሰ፤ ከእናቷ ጋር ጥጥ እየፈተለች አልፎ አልፎ ትስቅ ጀመር።

ሐኪሙ አባትን «በሚቀጥለው እናቷንም ይዘው ይምጡ» አለው።

«እናቷ ምን ታውቃለች? የሚጠየቅ ካለ እኔ አለሁ።»

«እርስዎ እኮ ገበያ ነው የሚውሉት» አለ ሐኪሙ ለስለስ ብሎ።

ነጋዴው ተቀየመ። የቤቱ ገመና ባዕድ ፊት የሚዘረገፍ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ይሄዳል፣ ክኒኑን ይቀበላል፣ ይመለሳል። «እንዴት ናት?» ሲሉት «ደህና ናት» ይላል። ለእሱ ደህና ማለት ከግቢው የሚወጣ ጩኸት የለም ማለት ነበር።

እናትዬው ግን ሌላ ነገር አይታለች። መድኃኒቱ የልጅቱን እጅ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሰው ፊት ብርጭቆ ማንሳት አፍራ፣ ክኒኑን ከምላሷ ሥር እየደበቀች ጓሮ ትተፋዋለች። ይህን ለባሏ ብትነግረው «አንቺ ደግሞ ነገር ማጋነን ትወጃለሽ» ብሎ ዝም አሰኛት።

ሐኪሙ ነገሩ ስላላማረው አንዲት ነርስ ወደ ቤታቸው ላከ። ነጋዴው የዕድር ሰዎች ግቢው ሰብስቦ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ራሱ ተነሥቶ ከፈተ።

«ስለ ልጅቷ ጤና ከእናቷ ጋር ትንሽ ብነጋገር ብዬ ነው» አለች ነርሷ።

ከኋላው እንግዶቹ ወሬያቸውን ትተው ያዳምጣሉ። ነጋዴው ወደ እነሱ ዞር ብሎ አየ። «ተሳስተሽ ነው፣ እህቴ። እዚህ ቤት የታመመ ሰው የለም» አለና በሩን ዘጋው። ልጅቱ ጓዳው ደጃፍ ቆማ ሰማችው።

ብዙም ሳይቆይ ድምፆቹ ተመለሱባት። አንድ ማለዳ ከቤት ወጣች፤ ቀረች። ፈልገው ፈልገው ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አገኟት፤ መኪና ገጭቷት አንድ እግሯ ተቆርጦ ነበር።

ያን ጊዜ ነጋዴው ሚስቱን ይዞ ሐኪሙ ፊት ተቀመጠ። እናትዬው ሁሉንም ተናገረች። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። «የእጇ መንቀጥቀጥ እኮ መላ ነበረው። ብሰማ ኖሮ መድኃኒቱን እለውጥላት ነበር» አለ።

መድኃኒቱ ተለወጠ፤ እጇም ረጋ፣ ልቧም ተመለሰ። ነጋዴውም ገበያውን እየተወ አጠገቧ ይቀመጥ ጀመር። እሷ ግን የሆዷን የምታወራው ለእናቷ ነው። አባቷ ሲገባ ወሬዋን ታቆማለች።

የኔታ ወደ ፈለቀ ዞሩ።

«ያ ሰው ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ አፍሮ ነው። አንተም ‹ምን ልንል ነው?› ስትለኝ ያው እፍረት ይዞህ ይሆናል። ሐኪሙ ወንድምህን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምግብ ሲገፋ፣ ክኒኑን ሲጠላ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ያንን ካልነገራችሁት አንተም እንደ ነጋዴው በር ላይ ቆመሃል ማለት ነው። ሂዱ። ከወንድምህ ጀርባ ሳይሆን እሱ ባለበት፣ እሱንም እየጠየቃችሁ ተነጋገሩ። እናትህም ከጎንህ ትቀመጥ፤ መናገር ስትጀምር አታቋርጣት።»