ሚዳቋ በነብር ሆቴል

ቅረቡ፣ ተረት ልጀምር ነው። ላሙን በረት ያስገባ ይቀመጥ፤ ያላስገባም ይቀመጥ። የሚያስቅ ተረት ነው ብሎ የመጣ ካለ ግን ከአሁኑ ይሂድ፤ ኋላ እንዳይወቅሰኝ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳው ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ የቤት ዕቃ እንኳ እንደ ሰው ሲያወራ፣ ክፉ ድርቅ መጣ። ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። በልጉም ሳይዘንብ አለፈ። ሣሩ ተቃጠለ፣ ወንዙ ደርቆ ድንጋዩ ወጣ። ከርከሮ ሥር ሊቆፍር ወርዶ አፈር ቅሞ ይመለሳል። አህያ የአጥር እንጨት ትግጣለች። ሥጋ በላውም ቢሆን አልተመቸውም፤ የሚይዘው ሁሉ ቆዳና አጥንት ሆነበት።

በዚህ መሀል አንዲት ሚዳቋ ወለደች። ጊዜ መርጣ አይደለም፤ ልጅ ሲመጣ ይመጣል። አንድ ወንድ ልጅ፣ ጆሮው ከፊቱ የሚበልጥ። ጥቂት ቀን አጠባችው፤ ከዚያ ጡቷ ደረቀ። ልጁ ጠብቶ ጠብቶ ባዶውን ሲተወው ቀና ብሎ ያያታል።

ሚዳቋ ልጇን የምታሳድግበት የቆየ ሥርዓት አላት። ቁጥቋጦ ሥር ታስተኛውና፣ «መጥቼ እስክጠራህ እንዳትነሳ፣ ድምፅም እንዳታሰማ» ብላው ትሄዳለች። የሚዳቋ ልጅ ደግሞ ታዛዥ ነው። ዝንብ ቢያርፍበት ጆሮውን አያነቃንቅም። አውሬው በአጠገቡ ያልፋል፣ አያየውም። ይህ ሥርዓት ባይኖር ኖሮ ዛሬ በምድር ላይ አንድ ሚዳቋ አናይም ነበር።

አንድ ቀን ቁራ የደረቀ ግራር ላይ አርፎ ወሬ አመጣ።

«አያ ነብሮ ሆቴል ከፈተ» አለ። «ያ ነጋዴዎች ጥለውት የሄዱት ማደሪያ አለ አይደል? እዚያ ነው። መጋዘኑ እስከ አፉ እህል ነው። ገብተሽ ያሻሽን አንስተሽ፣ እስክትጠግቢ መብላት ነው። ክፍያ የለም።»

«ነብር?» አለች ሚዳቋ። «እኛን ሊያበላ?»

«ሥጋ ትቷል። ንስሐ ገብቷል ነው የሚሉት።»

በደህናው ጊዜ ቢሆን ይህን የሰማ ሁሉ ሆዱን ይዞ በሳቀ ነበር። የተራበ ግን ወሬ አያጣራም። እርስዋም አላጣራችም። ልጇን ቁጥቋጦ ሥር አስተኛችው።

«ሄጄ በልቼ ወተት ይዤልህ እመጣለሁ» አለችው። «እስክጠራህ እንዳትነሳ።»

«እሺ እማ። ትቆያለሽ?»

«አልቆይም።»

ማደሪያው ደጃፍ ስትደርስ በሩ አናገራት። ከወይራ የተሠራ፣ ድምፁ ሲጥ ሲጥ የሚል ሽማግሌ በር ነው።

«ግቢ» አላት። «መግባት ለሁሉም ነው። ስትወጪ ግን ሳህንሽን አያለሁ። በዚህ ቤት ያነሱትን ምግብ ትቶ መውጣት ነውር ነው። ባዶ ሳህን ካሳየሽኝ እከፈታለሁ፤ እህል ካለበት አልከፈትም። ነጋዴዎቹ ያወጡት ሕግ ነው፣ ቤቱ የማንም ቢሆን ሕጉ አይለወጥም።»

«ደግ ሕግ ነው» አለች ሚዳቋ። «እኔም እህል ሲደፋ አልወድም።»

ገባች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የገብስ ንፍሮ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ጎመን፣ ስኳር ድንች፣ በገንቦ ሙሉ ማር። ዓይኗን ማመን አቃታት። እንግዶች ተደርድረው ይበላሉ። ከመካከላቸው ከርከሮን አወቀችው። ድሮም አንገት አልነበረውም፤ አሁን ወገቡም ጠፍቷል። ከሱ ቀጥላ አህያ ተቀምጣለች፣ ጎኗ ተነፍቶ።

ነብር ነጭ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጭልፋ ይዞ መጣ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እመት ሚዳቋ» አላት። «ቤት ያፈራውን ነው፤ እንዳታፍሪ።»

ሚዳቋ አንዲት የሸክላ ሳህን አነሳች። ትንሽ ገብስ፣ ትንሽ ጎመን አደረገችባትና በላች። ስትጨርስ ጡቷ ሞቅ አላት። ወተቱ እየመጣ ነው። ደስታው እንባዋን አመጣው። ሳህኗን ልሳ ብድግ አለች።

ነብር ከፊቷ ቆመ።

«ምነው? ገና ሳትቀምሺ?»

«ኧረ ጠግቤአለሁ፣ አያ ነብሮ። እግዜር ይስጥልኝ። ልጅ ትቼ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ» አላት ነብር። «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ።»

«ይህችን ብቻ፣ ይህችን ብቻ» አለ ጭልፋውም፤ ሙሉውን ሳህኗ ላይ ገለበጠው።

እንግዲህ እናንተም ታውቁታላችሁ። ባለቤት «በሞቴ» ብሎ ሲያጎርስ እምቢ ማለት ሞቱን እንደመመኘት ነው። ሚዳቋም ጨዋ ቤት ያደገች ናት። አንገቷን ደፍታ ተቀመጠችና በላች። ሆዷ «በቃኝ» እያላት በላች።

ጨርሳ ስትነሳ ነብር ደግሞ መጣ። አሁን ጭልፋውን አስቀምጦ በገዛ እጁ ነው ያጎረሳት። ጥፍሩን ሰብስቦ፣ በማር የተለወሰ ንፍሮ አፏ ድረስ አመጣላት።

«አፈር ስሆን» አላት። «አፈር ስሆን፣ እመት ሚዳቋ።»

«ይህችን ብቻ፣ ይህችን ብቻ» አለ ጭልፋው ከጠረጴዛው ላይ።

ጎረሰች። ነብር ያጎረሰ መስሎ ሳህኗንም ሞላላት። ሚዳቋ የሞላውን ሳህን ተሸክማ ወደ በሩ ሄደች።

«ክፈትልኝ፣ አባቴ። ልጄ ይጠብቀኛል።»

«እህል አለበት» አለ በሩ።

«እኔ አይደለሁም ያነሳሁት። እሱ ነው የጨመረብኝ።»

«ሳህኑ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው ጨርሺው።»

ተመልሳ ከከርከሮ አጠገብ ተቀመጠች። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር።

«አትጨነቂ፣ እቴ» አላት ከርከሮ፣ አፉ እንደሞላ። «እኔም ልሂድ ልሂድ እያልኩ ነው ያለሁት። ልነሳ ስል በሞቴ ይለኛል። ሰው በሞቱ ሲለምንሽ ምን ትያለሽ?»

ነብር ይህን ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ መጥቶ የከርከሮን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ጎኑንም ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው።

«ደክሞሃል፣ አያ ከርከሮ። ጓዳ አልጋ ተነጥፎልሃል። ጋደም በል።»

ከርከሮ እያመሰገነ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። የጓዳው መጋረጃ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፣ ደግሞም ዝም አለ። ሚዳቋ የከርከሮን ሳህን አየች። ግማሹ ሳይበላ ነው የተቀመጠው።

ያኔ የእርስዋ ሳህን በቀስታ አናገረቻት። ዳርዋ የተሸረፈ አሮጊት ሳህን ናት።

«ልጄ፣ ከዚያ ጓዳ የሚመለስ እንግዳ የለም። እኔ ብዙ አይቻለሁ። እኛን ያጥቡናል፣ ለሌላ እንግዳ ይሰጡናል። እነሱ ግን አይመለሱም። አመዳም ሚዳቋ ለነብር ምን ይሆነዋል? መጀመሪያ ያወፍርሻል።»

ሚዳቋ ወደ ሳህኗ ጎንበስ አለች። «ምን ላድርግ፣ እናቴ?»

«ያለውን ጨርሺና ደግሞ ሲመጣ እምቢ በይ። እኔን ባዶዬን ለበሩ አሳዪ።»

«በሞቴ እያለኝ እንዴት እምቢ ይባላል?»

«በአፍ ነዋ» አለች ሳህኗ።

ሚዳቋ ያንን ሳህን ጨረሰች። ነብር መጣ። አፏን ከፈተች። እምቢ ልትል ነበር፤ ይኸው ከንፈሯ ላይ ደርሷል። እንግዶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት። አህያም አየቻት፣ «ምን ዓይነት ባለጌ ናት» በሚል ዓይን። ነብርም አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደተከፋ ሰው ሆኖ፣ «በሞቴ» አላት። ሚዳቋ በተከፈተው አፏ ጎረሰች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል። ግን እናንተም ብትሆኑ እኔም ብሆን እንጎርስ ነበር።

ፀሐይ ወጣች። ፀሐይ ጠለቀች። ደግሞ ወጣች። አህያም እያመሰገነች ጓዳ ገባች። ሚዳቋ ትነሳለች፣ በሞቴ ትባላለች፣ ትቀመጣለች። ትነሳለች፣ አፈር ስሆን ትባላለች፣ ትቀመጣለች። ጎኗ ሞላ፣ ጸጉሯ አበራ። ጡቷ በወተት ተወጥሮ ያማታል። ባመማት ቁጥር ልጇን ታስባለች፤ ባሰበችው ቁጥር ቶሎ ጨርሳ ልትሄድ ትቸኩላለች፤ ቶሎ ስትጨርስ ነብር ቶሎ ይሞላላታል።

በመጨረሻ፣ ሳህኗን እንደጨረሰች፣ ነብር ጎኗን ጨበጥ አደረገ። ፈገግ አለ። ገና አንድ ሳህን እንደሚቀራት አሰበ መሰለኝ፤ ጭልፋውን በማር ሞልቶ አመጣው። ከጥፍሩ የአህያ ደም ይሸታል።

«አልቻልኩም፣ አያ ነብሮ» አለች ሚዳቋ።

«እንግዲያው በልጅሽ ይዤሻለሁ» አላት። «እኔስ ልቅር። በልጅሽ፣ ስለ ልጅሽ ብለሽ ይህችን ብቻ።»

«ይህችን ብቻ፣ ይህ—» አለ ጭልፋው።

ሚዳቋ የፊት እግሯን አንስታ ሳህኗን ከደነችው።

«ልጄን በአፍህ አትጥራብኝ» አለችው። «በቃኝ። አልበላም።»

ጭልፋው እንደተዘቀዘቀ ቀረ፣ ማሩ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ነብር ሆቴል ከከፈተ ጀምሮ አንድም እንግዳ እምቢ ብሎት ስለማያውቅ የሚለው ጠፋው። ያችን ጥቂት ጊዜ ሚዳቋ ተጠቀመችባት። ሳህኗን ይዛ በሩ ዘንድ ደረሰችና ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ባዶ ነው» አለ በሩ። ተከፈተም።

ነብር ያኔ ነቃ። ሽርጡን ጥሎ ዘለለ። ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ከርከሮ አለ፣ አህያም አለች። ደፉ ላይ ተደፋ። የኋላ እግሯን ቧጨራት እንጂ አልያዛትም።

«ሂጂ፣ ልጄ» አለች ሳህኗ ከመሬት ላይ፣ ወድቃ ሁለት ሆና።

ሚዳቋ ሮጠች። ሩጫ ካላችሁት ነው እንጂ፣ ሆዷ ከብዷት እያነከሰች ነው የሄደችው። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምትደርስበትን አገር ሦስት ጊዜ አርፋ ደረሰች። ቁጥቋጦው እንዳለ ነው። ልጇም እንዳለ ነው። አገጩን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ጆሮውን አጥፎ፣ እንዳስተኛችው ተኝቷል። አንዲት ጋት አልተንቀሳቀሰም።

«ልጄ፣ መጣሁ። ተነስ።»

አልተነሳም። እንዴት ያለ ታዛዥ ነው አለች በልቧ፤ አልሰማኝም መሰለኝ።

«ልጄ፣ ወተት አመጣሁልህ። ተነስ።»

አልተነሳም። ዝንብ ዓይኑ ላይ አርፎ ነበር።

«ልጄ» አለች ሦስተኛ። ከዚያ በኋላ አልጠራችውም።

ቁራው ግራሩ ላይ ነበር።

«የት ቆየሽ?» አላት። «ተነስና ሣርም ቢሆን ፈልግ ብዬው ነበር። እማ እስክትጠራኝ አለኝ። በማግስቱም ጠየቅሁት፤ እማ እስክትጠራኝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስጠይቀው አልመለሰልኝም።»

ሚዳቋ ልጇ ላይ ቆመች። እናት ልጇን ስትጠራ ወተቷ ይወርዳልና፣ ያን ጊዜ ወርዶ ኖሮ ከጡቷ በራሱ ይፈሳል። ደረቁ መሬት ጠጣው። ዝናብ የናፈቀ መሬት ነው፣ አንዲት ጠብታ አላስቀረም። እርስዋም እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ወዲህ ሚዳቋ ስትበላ አይታችኋል? አንድ ቅጠል ቀንጠብ ታደርግና ቀና ትላለች፤ አንድ ቀንጠብ ታደርግና ቀና ትላለች። ይህን ያየ ሁሉ ፈርታ ይመስለዋል። አንድም ሚዳቋ ዛሬ ጠግባ አትበላም፤ ልጇንም ትታ ሩቅ አትሄድም።

ነብሩን አልፈርድበትም፤ ነብር ነው። በሩንም አልፈርድበትም፤ በር ነው። ልጆቼ፣ እኔ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። ሚዳቋ «በቃኝ» ያለችው በመጨረሻው ሳህን ነው፤ ያዳነችውም ራሷን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳህን ብትለው የሚያፍረው ነብር ነበር፣ የሚጠባው ልጇ ነበር። ሰው እንዳይከፋብኝ ብላችሁ የዋጣችሁትን ቃል፣ ቤት የሚጠብቃችሁ ይከፍልበታል።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ማበሱን ግን ለዛሬ ተዉት።