የፊታውራሪ አዳራሽና የእመት አልጣሽ ጓሮ

የእመት አልጣሽን ነገር ዛሬ ዛሬ ማንም እየነጠቀ ደስ ላለው ሰው ሲሰጠው እሰማለሁ። ያናድደኛል! እሳቸው የተናገሩትን እኮ ነው ለወንድ የሚያሸክሙት። እኔ የማወራው አባቴ ጎረቤታቸው ከነበረችው አክስቱ የሰማውን ነው። ጨምረሃል ካላችሁኝም፣ ብጨምር ትንሽ ነው።

በዚያን ዘመን የወረዳችን ችሎት የሚሰየመው በዋርካ ጥላ ሥር ነበር። እመት አልጣሽ ከዋርካው ጀርባ ጌሾ ተክለው፣ እሱን እየሸጡ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ከዚያች ጓሮ ሌላ ምንም የላቸውም። ገዢውም ዳኛውም ፊታውራሪ ወንድይራድ ነበሩ። እኒህ ሰው አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ፣ “ከእንግዲህ ዛፍ ሥር አልፈርድም፤ እዚሁ ዋርካው አጠገብ አዳራሽ ይሠራ!” አሉ።

ንድፉን በወረቀት አሥለው ሰውን ሰበሰቡ። “ይህ ወንበሬ፣ ይህ የማርፍበት እልፍኝ፣ ይህ ደግሞ ምድጃዬ” እያሉ በአርጩሜ ያሳያሉ። እመት አልጣሽ ጠጋ ብለው አዩና፣ “ባለጉዳይ የሚቆምበትስ የታል?” ብለው ጠየቁ። ፊታውራሪ ወረቀቱን ቢያገላብጡ የለም። “ተረስቶ ነው” አሉ፣ አፈር ብለው።

«ምን ይረሳል ጌታዬ! ፍርዱ እልፍኝ ውስጥ ካለቀ፣ ባለጉዳይ ምን ሊሠራ ይገባል?»

*

በኛ አገር ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ምሰሶው ይቆምና ጣሪያው ይመታል፤ ግድግዳው የሚመረገው ኋላ ነው። ፊታውራሪ ግን መቼ ትዕግሥት አላቸው! ቆርቆሮው እንደተመታ ከሥሩ ተሰየሙ። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሳሽ ቢጮህ፣ ተከሳሽ ቢጮህ፣ የሚሰማ ጠፋ። ፊታውራሪ ሽቅብ እያዩ፣ “ተመልከቱልኝ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ አያስገባም!” ይላሉ። እመት አልጣሽ ከባለጉዳዩ መሐል ቆመው ነበር።

«ጠብታ ብቻ ነው እንዴ ጌታዬ? አቤቱታም አያስገባም።»

ፊታውራሪ ተናደው፣ “ግድግዳው አልቆ አዳራሹ እስኪመረቅ ችሎት የለም” ብለው ተነሡ።

*

ነገሩ የከፋው ከዚህ በኋላ ነው። ፊታውራሪ ለአዳራሹ በረንዳ አማራቸውና የእመት አልጣሽን ጓሮ በገመድ አስለኩ። ችካሉ ጌሾው መሐል ተተከለ። ሴትዮዋ ሲሮጡ ቢደርሱ፣ “ምን ላድርግ፣ በረንዳው ወንዙን ማየት አለበት” አሏቸው። እንግዲህ የአንዲት ምስኪን እንጀራ በዚህ ምክንያት ሊቆረጥ ነው! ሌላ ሰው ቢሆን እግራቸው ላይ ወድቆ ያለቅስ ነበር።

«ወንዙን ማየት ካማረዎትማ ይውረዱ፤ እንስራዬን አውስዎታለሁ።»

*

እመት አልጣሽ፣ ሌላ ዳኛ የለምና፣ ፊታውራሪን እዚያው በራሳቸው ችሎት ከሰሱ። በዚያ ጊዜ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና፣ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ተቆራኝተው ይቆያሉ። ስለ ፊታውራሪ ሆኖ የተቆራኘው አጋፋሪያቸው ይመኑ ነበር፤ በግብር ላይ እንግዳውን ተቀብሎ በየማዕረጉ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። እመት አልጣሽ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ማንም ነውር ነው አላለም።

ችሎት እንደሆነ ተዘግቷል። እሳቸው ጓሮ ሲወርዱ ይመኑም ይወርዳል፤ ሲያርሙ አብሮ ያርማል። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ሲደርስ ምርር ብሎት፣ “ኧረ እመቴ፣ እኔ እኮ የፊታውራሪ አጋፋሪ ነኝ!” አለ።

«ታዲያ ሥራህን ማን ከለከለህ ልጄ? ጌሾውን በክብር አስቀምጥ፤ አረሙን ከደጅ አስወጣልኝ።»

*

አዳራሹ አለቀ። ለምረቃው የፊታውራሪ የበላይ የሆኑት ደጃዝማች ገሠሠ መጡ። ይመኑ ከነቁራኛው እየመራ አስገባለሁ ቢል፣ በሩ አላሳልፍ አለ። ፊታውራሪ፣ “ሰው አንድ በአንድ፣ አጎንብሶ ይግባ” ብለው አስጠብበውት ኖሯል። ባለጉዳይ ሁለት ሆኖ ተቋጥሮ እንደሚመጣ ማንም አላሰበውም! ይመኑ ገባ ሲል እመት አልጣሽ ውጭ ቀሩ፤ እሳቸው ገባ ሲሉ እሱ ቀረ። ደጃዝማች ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ።

ፊታውራሪ በላብ ተጠምቀው፣ “ፍቺው እንጂ!” ብለው ጮኹ።

«ዳኛ ሳይፈርድ ቁራኛ ይፈታል እንዴ ጌታዬ?»

ደጃዝማች “የምን ክስ ነው?” ብለው ፊታውራሪን አዩዋቸው። ፊታውራሪ ምን ይበሉ? “ጓሮው የእሷ ነው፣ ፈርጃለሁ፤ ችካሉም ይነቀል” አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። ቋጠሮው ተፈታ። እመት አልጣሽ እጅ ነሥተው ጎንበስ ሲሉ ደጃዝማች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ “በሉ ይህን በር ነገውኑ አፍርሳችሁ አስፉት!” ብለው አዘዙ።

«ኧረ ባይነኩት ይሻላል ጌታዬ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ባለጓሮ ይፈልገዋል።»