የተገለበጠው ዓሣ

ልጆቼ ከሰው ጋር ሽርክና ሊገቡ ሲሉ የምነግራቸው አንድ አባባል አለችኝ። ከአያቶቼ የወረስኳት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያመጣኋት ከማሌዥያ፣ ከፔናንግ ደሴት ነው፤ በአማርኛ ቤት እንድትመታ ብቻ ትንሽ ሞረድኳት።

ያኔ የመርከብ መካኒክ ነበርኩ። መርከባችን ተበላሽታ ፔናንግ ስንቆም ታን ከሚባል ጀልባ ሠሪ ጋር ተወዳጀን። ታን ዘሩ ከቻይና ቢሆንም አያቱም የተወለዱት እዚያው ነው። ጀልባ የሚገዙት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ገበያው ቀዝቅዞ፣ ገንዘብ ያለው ሸሪክ ካላገኘ አናጢዎቹን ሊበትን ነበር።

ሸሪኩ ከቻይና መጣ። ቼን ይባላል፤ ባሕር ከማይታይበት ከመሀል አገር የተነሣ ባለሀብት ነው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ "ታላቅ ወንድሜ፣ አንድ ደም አይደለን? ቶሎ እንፈራረም፤ ማታ እበራለሁ!" አለ።

ታን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። "መጀመሪያ ምሳ እንብላ" ብሎ እናቱን፣ አናጢዎቹንና እኔን ሰበሰበ፤ የሚባለውንም በእንግሊዝኛ ይተረጉምልኝ ጀመር።

በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ ቀረበ። የላይኛው ጎን ሲያልቅ ቼን ለታን እናት ወፍራሙን ሥጋ ላንሣላቸው ብሎ፣ ምስኪን፣ ዓሣውን በመብያ እንጨቶቹ፣ በቾፕስቲኩ፣ ገለበጠው።

አናጢዎቹ መብላት አቆሙ።

"ምን አጠፋሁ?" አለ ቼን።

"እኛ ዘንድ አጥንቱ ተነሥቶ ነው የታችኛው የሚበላው" አለው ታን፣ ፊቱ ጠቁሮ። "ዓሣ የገለበጠ ጀልባ ገለበጠ ይባላል። አጥማጆቹ ይህን ከሰሙ ማን ከእኛ ይገዛል?"

"ይኼ ምን ችግር አለው? እመልሰዋለሁ!" ብሎ ቼን ዓሣውን እንደገና ገለበጠው። መረቁ ተረጭቶ ነጭ ሸሚዜን አበላሸው።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ደግነቱ እናትየውም ሳቁ። "ግዴለም፣ ተገልብጣ የተቃናች ጀልባ አትሰጥምም" አሉ። "ግን አንተ ልጅ፣ ዘራችንን እንጂ ባሕራችንን አታውቅም። ከአጥማጆቹ ጋር ባሕር ውጣ፤ ስትመለስ ትፈርማለህ።"

ቼን ሰዓቱን አየ። ሰውዬው ቢሄድ የታን የጀልባ መሥሪያ ግቢ መዘጋቱ ነው። ቼን ግን ክራቫቱን ፈትቶ፣ "በሉ፣ አውሮፕላኑ ይቅርብኝ" አለ።

በማግስቱ፣ ባሕር ላይ ሲያስመልሰው አድሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ራሱ ያጠመደውን ዓሣ አንጠልጥሎ መጣ። ምሳ ላይ ማንም ሳይነግረው አጥንቱን ቀስ አድርጎ አነሣ። አናጢዎቹ አጨበጨቡለት። ውሉም ተፈረመ፤ ከግቢው አንድ ሰው እንኳ አልተበተነም።

እናትየው ወፍራሙን ሥጋ በእጃቸው ለቼን አነሡለትና እንዲህ አሉት፦ "ማዕዱን ሳታውቅ፣ ንግዱን አትጠይቅ!"