በስንቅነሽ ደጃፍ የቆመው ቶርኖ

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በደሴ ከተማ፥ ከአስፋልቱ በታች ባለው የቁልቁለት ሰፈር ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ የምትናገረዋን አፏን፥ የሚሰማውን ጆሮውን ትባርክ። አሜን በሉ እንጂ ልጆቼ፥ ዝም አትበሉኝ።

በዚያ ሰፈር ይርዳው የሚባል ብረት ሠሪ ነበረ፤ የክርስትና ስሙም ኃይለ ማርያም ነው። ፊደል አልቆጠረም፥ እንደኔው ነው፤ ነገር ግን ማለዳ ማለዳ ቆሞ የእመቤታችንን ሰላምታ ሳያደርስ መዶሻ አያነሣም ነበር፥ በየወሩም በሃያ፥ በበዓሏ ዋዜማ፥ የመበለቶችን ድስትና ምድጃ ያለ ዋጋ ሊጠግን ብፅዐት ነበረበትና ይህንን ሃያ ዓመት ሙሉ አላስታጎለም።

ከዕለታትም አንድ ቀን ይርዳው ቶርኖ ገዛ። ቶርኖ ማለት ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ሌላ ጋራዥ ሠርቶበት ሠርቶበት የሸጠው አሮጌ፥ ክብደቱም አሥራ ስምንት ኩንታል። ከአስፋልቱ ዳር በሳንቃ አንሸራትተው አወረዱትና መኪናው ሄደ፤ የሚያነሣ ክሬን የለ፥ መንገዱም ከዚያ ወዲህ በቅሎ እንኳ የማትዞርበት ጠባብ ነው። ስለዚህ ስምንት ወንዶች ተሰበሰቡና ከሥሩ የብረት ቱቦ እያነጠፉ፥ በዲጂኖ እየፈነቀሉ፥ በገመድም ከኋላ እየያዙ ቁልቁል ያንከባልሉት ጀመር። ከዚያም ስንቅነሽ ከምትባል የሰፈራችን ልጅ ደጃፍ ሲደርሱ የቦዩ ክዳን ድንጋይ ተሰበረና የቶርኖው አንድ እግር ቦይ ውስጥ ገባ፥ ማሽኑም ዘመም ብሎ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ድመት ታልፍ እንደሆነ እንጂ ሰው አያልፍም።

ወንዶቹ ቤቱ ጭር ማለቱን አይተው፥ ሰው የለም ብለው ቁጭ አሉና ማረፍ ጀመሩ። ውስጥ ግን ስንቅነሽ ከንጋት ጀምሮ ምጥ ይዟት ነበር። እንዴት ጎረቤት አያውቅም ትሉኝ ይሆናል፤ እኛ ሴቶቹ ደብቀን ነዋ! ሰው ባወቀው ቁጥር ምጥ ይረዝማል ይባላልና፥ እናቷ እትዬ ጥሩወርቅ፥ አዋላጇና እኔ በሩን ዘግተን፥ ድምፃችንን ውጠን ተቀምጠን ነበር። እኔም አምንበት ነበር፥ ምን ልዋሻችሁ።

ከዚያም አዋላጇ ዳሰሰቻትና “ልጁ በጎን መጥቷል፥ ይህ የኔ አቅም አይደለም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ካልሄደች ሁለቱንም እናጣለን” አለች። ቃሬዛ አሰናድተን በሩን ብንከፍት፥ ብረት!

እትዬ ጥሩወርቅም ጩኸቷን ለቀቀችው፦ “ይርዳው! ልጄ በምጥ ልትሞትብኝ ነው፥ ይህን ጉድህን ከደጄ አንሣልኝ!”

ይርዳውም ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፥ እጁንም በቶርኖው ላይ ጭኖ “እመቤቴ፥ በእኔ ብረት ነፍስ ከሚጠፋ እኔኑ ከሥሩ አድርጊኝ” ብሎ አለቀሰ።

ወንዶቹ ተነሡ፤ ተነሡና ምን ይሁን፥ ሁሉም አለቃ ሆነ! ጡረታ የወጣው ወታደር ባሻ ዘለቀ “በእኔ ትእዛዝ! አንሣ!” ይላል፤ ዳቦ ጋጋሪው ሰይድ “ቆይ እንጂ ባሻ፥ ዲጂኖዬን መች አስገባሁ?” ይላል።

“ሊጥ መሰለህ እስኪነሣ የምትጠብቀው? አንሣ ስልህ አንሣ!”

“አንተስ ጦር ሜዳ መሰለህ? ማን ሾመህ!”

እንዲህ አንዱ ሲፈነቅል ሌላው እየተነፈሰ፥ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ፥ ቶርኖው ንቅንቅ አላለም።

ውስጥ ደግሞ ስንቅነሽ ዐይኗ ሲስለመለም አየንና፥ ከእንግዲህ ምን እንደብቃለን ብለን ያፈንነውን ድምፅ አወጣነው፤ በምጥ ጊዜ እንደሚባለው “ማርያም! ማርያም! ማርያም!” እያልን ጮኽን።

ከዚያማ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ድምፁ በዚያች ክፍተት ወጣና “ማርያም!” ሲባል የስምንቱም ትከሻ አብሮ ወረደ። ማንም አላዘዘም። ዲጂኖው ሁሉ ባንድ ላይ ተጫነ፥ ቶርኖው ጣት ያህል ተነሣ፥ ይርዳውም ከሥሩ ድንጋይ ሸጎጠ። “ማርያም!” ሌላ ጣት፥ ሌላ ድንጋይ። ሰይድ ሙስሊም ነው፤ በኛ በወሎ ግን በምጥ ቀን ማን ይለያል፥ የሱ ድምፅ ከሁሉም በለጠ። ከዚያም የቶርኖው እግር ከቦዩ ወጣና ቱቦ ገባለት፥ ያ አሥራ ስምንት ኩንታልም ከደጃፉ እልፍ አለ። ይርዳውም ማሽኑ ይቁም ይንከባለል ዞር ብሎ ሳያይ የቃሬዛውን ጫፍ ያዘና ከሌሎቹ ጋር ሽቅብ በረረ።

ሐኪሞቹም ተቀበሏትና በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ አወጡላት፥ እናትም ልጅም ተረፉ፤ ሕፃኗም በሰማንያ ቀኗ ወለተ ማርያም ተብላ ተጠመቀች።

ባሻ ዘለቀ ዛሬም “ስለተባበርን ነው የተነሣው” ይላል። እሺ ባሻ፥ እኔስ መች አይደለም አልኩ? እንደዚያ ስትነታረኩ የነበራችሁትን ማን አስማማችሁ ነው የምለው። ይህን ስለው ይስቅና ያማትባል።

ቶርኖውም ከመንገዱ ዳር ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ፥ ማንም አላጉረመረመም። ስንቅነሽ ወደ ቤቷ በተመለሰች ጊዜ ወንዶቹ የቀረውን ቁልቁለት ሊጨርሱ መጡና ዲጂኖአቸውን ሸጎጡ፥ ነገር ግን ቆመው ቀሩ። ይርዳው “ምን ትጠብቃላችሁ?” ቢላቸው፥ ራሱ ባሻ “አዛዣችን ውስጥ ናት” አለው። ስንቅነሽም ከመጋረጃዋ ኋላ፥ ልጇን እያጠባች፥ ቀስ ብላ “ማርያም” አለች፤ ቶርኖውም እናቱን እንዳየ ጥጃ ወደ ይርዳው ደጅ ወረደ። ይርዳውም በደጁ ተንበርክኮ እመቤታችንን አመሰገነ፥ በስንቅነሽም ቤት እልልታ ሆነ።

ለእናንተም ልጆቼ፥ በምጥ ያለችውን በሰላም ትገላግልላችሁ፥ ከባድ የተሸከመውን ትከሻውን ታጽናለት፥ ስትገፉም አንድ ልብ፥ አንድ እስትንፋስ ትስጣችሁ፤ የልጇ ቸርነት፥ የእርሷም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይኑር፥ ለዘለዓለሙ አሜን።