እመት ሳቢሳና የአያ ዝንጀሮ ግድብ

በድሮ ዘመን፣ ወፉም አውሬውም በአንድ ቋንቋ በሚተማማበት ጊዜ፣ ስሟን ዛሬ ማንም በማያስታውሳት አንዲት የባሕር ዳር አገር እመት ሳቢሳ የምትባል ነጭ ወፍ ትኖር ነበር። ያች አገር ጨው ውሃ እየጠጡ የሚለመልሙ ዛፎች ነበሯት። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ ሥራቸውን ያጥባል፣ ትንንሽ ዓሣ አራግፎላቸው ይመለሳል። እመት ሳቢሳ ቅርንጫፉ ላይ ጎጆ ሠርታ፣ ከሥር ዓሣ እየለቀመች ትኖራለች። ምን ጎደላት? ምንም። ግን ልብ መቼ ያርፋል፣ ልጆቼ!

አንድ ዓመት ባሕሩ አየለና አንድ እንቁላሏን ወሰደባት። ይህን ወሬ አያ ዝንጀሮ ሰማ። ድርቅ ከተራራ ያወረደው ስደተኛ ነው፤ ብልጥ ነው፣ ሆዱ ግን ከብልጠቱ ይበልጣል። ባሕሩ ሲመለስ የሚገለጠውን ጥቁር ጭቃ ባየ ቁጥር የሚታየው ማሽላ ነው። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጥቶ፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ከንፈሩን መጠጠላት።

«እመቴ፣ ሌባ በቀን ሁለቴ ደጅሽ እየመጣ፣ እስከ መቼ በር ሳይኖርሽ ትኖሪያለሽ?» አላት።

ነገሩ ገባት። ባሕሩን የሚያግድ ግድብ ይሠራ ተብሎ ደቦ ተጠራ። ከርከሮው ቆፈረ፣ ግመሏ ተሸከመች፣ እመት ሳቢሳም በመንቆሯ ጭቃ አመላለሰች። አባ ሸርጣን ብቻ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ጭቃ ውስጥ የኖረ ሽማግሌ ነውና፣ ባሕሩን አትዝጉት፣ ዛፉ ይሞትባችኋል ብሎ ለመናቸው። አያ ዝንጀሮ፣ በጎኑ የሚሄድ ቀጥ ያለ ምክር ከየት ያመጣል አለና ሁሉንም አሳቀ። እመት ሳቢሳም፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ አብራ ሳቀች።

ግድቡ አለቀ። ባሕሩ መጥቶ ገፋ ገፋ አደረገውና ተመለሰ። በክረምቱ አያ ዝንጀሮ ጭቃው ላይ ማሽላውን ዘራ፣ በመኸር አጨደ፣ ለደቦተኛውም እፍኝ እፍኝ ወረወረለት። በጋው ሲገባ ግን ጭቃው ተሰነጣጠቀ፣ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራገፉ፣ ዓሣ የሚባል ጠፋ። እመት ሳቢሳ ሁለት ጫጩቶች ነበሯት፤ አፋቸውን እንደከፈቱ ሞቱባት። አለቀሰች፣ ከሳች። በዓመቱ አንዲት ጫጩት ፈለፈለችና ሐዘኔን ታስረሳኛለች ብላ ማስረሻ አለቻት።

ለማስረሻ ሲባል ዛፍ ይተከል ተባለ። መሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ዝንጀሮ! ግድቡ ይፍረስ ሳይባል ቀድሞ የተነሣው እሱ ነው። ደግሞም የተራራ ልጅ ስለሆነ፣ ዛፍ ሁሉ የምንጭ ውሃ ጠጪ ይመስለዋል። ዛፉን የገደለው ጨው ነው፣ ከምንጭ እየቀዳችሁ አጠጡት አላቸው። በቅል እየቀዱ አጠጡ። ተከሉ፣ ደረቀ። ደግመው ተከሉ፣ ደግሞ ደረቀ። አባ ሸርጣን መንገድ ዳር ቆሞ፣ «ባሕሩን መልሱለት፣ ዛፉ መንገዱን ያውቃል» ይላቸዋል። እነሱም ቅላቸውን ተሸክመው ያልፉታል።

ማስረሻ በፌንጣ ነው ያደገችው፤ እሱም እየጠፋ ሄደ። አንድ ቀን አንገቷን ማንሣት አቃታት።

«እማዬ፣ ዓሣ ሲበሉት ምን ምን ይላል?» አለቻት።

እመት ሳቢሳ ከጎጆዋ ተወርውራ ወጣች። እየበረረች ሄዳ የአባ ሸርጣን ጉድጓድ አፍ ላይ ተደፋች።

«አባ፣ ያን ጊዜ ስቄብዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ልጄ እየሞተችብኝ ነው።»

«ይቅርታው ይደርሳል፣ ልጄ» አላት። «አሁን መንቆርሽን ይዘሽ ነይ።»

እሷ ከላይ ነቀለች፤ እሱም ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ግድቡን ከሥሩ ወንፊት አደረጉት። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባሕሩ አብጦ መጣና ዘረገፈው። አያ ዝንጀሮ ማሽላዬን፣ ማሽላዬን እያለ ሮጠ፤ ጭቃው እስከ ወገቡ ዋጠው። ግመሏ በጅራቱ ጎትታ አወጣችው። ባዶ እጁን ወደ ተራራው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር ሲያይ ይነስረዋል አሉ።

እመት ሳቢሳ ከገባው ውሃ አንዲት ዓሣ ቀልባ ወደ ጎጆዋ ከነፈች። ማስረሻ ቀዝቅዛለች። እናት አይደለች፣ ማመን አቃታት፤ ዓሣዋን ከልጇ መንቆር ሥር አስቀምጣ እስኪመሽ ጠበቀች።

ዓመታት አለፉ። ባሕሩ ከሩቅ ያመጣው የዛፍ ፍሬ፣ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳያጠጣው፣ ጭቃው ላይ ሥር ሰደደ። ዛፉ በዛ፣ ዓሣው ተርመሰመሰ፣ የሌሎች ወፎች ልጆች እስኪጠግቡ በሉ። አንዲት አዲስ ሙሽራ ወፍ መጥታ፣ አገሩ እንዲህ ጠግቦ ሳለ እርስዎ ለምን ብቻዎን ይኖራሉ ብላ እመት ሳቢሳን ጠየቀቻት። አሮጊቷ ባሕሩን አየት አድርጋ እንዲህ አለቻት፤

«የባሕርን ደጅ የዘጋ፣ የልጁን ጉሮሮ ዘጋ።»