ለስንዱ የመጡት ሦስት እንሽላሊቶች

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሁሉ እንሽላሊትን ከግድግዳ ላይ በመጥረጊያ በሚያባርርበት አንድ የቆላ ከተማ፣ እንሽላሊት የናፈቃት ሴት ነበረች። ስሟ ስንዱ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። አትሳቁባት። የወደደውን የተከለከለ ሰው የተፈቀደለትን ቢናፍቅ ምን ይገርማል?

ስንዱ በልጅነቷ ድመት ነበረቻት። አስም ሲጀምራት ሐኪሙ «ጸጉርም ሆነ ላባ ያለው ነገር እዚህች ልጅ አጠገብ አይድረስ» አለ። እናቷም ድመቷን በዚያው ቀን ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ በኋላ ስንዱ በአጥሩ ቀዳዳ ታያት ነበር፤ ድመቷ ሰው ጭን ላይ ተኝታለች። ስትጠራት ጆሮዋን ብቻ ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትመጣም። ይህ ነገር ከስንዱ ሆድ ወጥቶ አያውቅም። እናቷ ካረፉ ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ከገበያ ስትመለስ ቁልፉን ታዞርና ከመግባቷ በፊት ትንሽ ቆም ትላለች። ከውስጥ ኮሽ የሚል ነገር እንዲኖር ትመኛለች፤ እሷን የሚጠብቅ አንድ ነፍስ ያለው ነገር። ምንም የለም፤ ትገባለች።

ሦስት ወንድሞች አሏት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ትልቁ አስናቀ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ወንዝ ዳር ሰፊ ግቢ አለው። መካከለኛው ውብሸት አስተማሪ ነው፤ ከአቀበቱ በላይ ወይና ደጋው ላይ ብርቱካን ተክሎ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። የስንዱ ታናሽ ፍሬው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እዚያው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቷል።

በዚያ ዓመት የእናታቸው ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ እንደሚፈርስ ተነገራቸው፤ ከፋሲካ በኋላ። ሦስቱም «እኔ ቤት ትግባ» አሉ፤ ሦስቱም ከልባቸው። እናትየው ግን ሲሞቱ አንድ ቃል ትተው ነበር። «ስንዱን እንደ ሻንጣ አታዟዙሯት። ራሷ የመረጠችው ቤት ትግባ፤ አንዴ ከገባች ወዲያ እዚያው ትኑር» ብለው ነበር።

ስንዱ አሰበች። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት መሆኑን ታውቃለች፤ በወንድሟ ቤትም ቢሆን ብረት መሆን አልፈለገችም። በመጨረሻ ሦስቱን ምሳ ጠራቻቸውና፣ «እንሽላሊት ማሳደግ እፈልጋለሁ» አለች።

አስናቀ ጉርሻው ሊያንቀው ነበር። «ምን አልሽ?»

«ጸጉር የለው፣ ላባ የለው። የራሴ የምለው ነገር ልያዝ። የእኔ እንሽላሊት የሚኖርበት ቤት ለእኔም ቤቴ ነው፤ እንግድነት አይሰማኝም። ግን ጀማሪ ነኝ፤ የቱ እንደሚሻል አላውቅም። እስቲ እያንዳንዳችሁ ለእኔ የሚሆነውን ፈልጉልኝ፤ የመረጥኩትን ያመጣው ወንድሜ ቤት እገባለሁ።»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ሊስቁ ነበር፤ ዓይኗን ሲያዩ ግን ተዉት።

አስናቀ ወንዝ ገባ። አርጃኖ የሚባለውን የወንዝ ትልቅ እንሽላሊት ግልገል በባዶ እጁ ከሥር ከሥር ተከትሎ ያዘ፤ ግልገል ይባል እንጂ ቡችላ ያክላል። አርጃኖው አውራ ጣቱን ነከሰው። አስናቀ ደሙ እየፈሰሰ እጁን አልከፈተም፤ እንደያዘው መጥቶ እናቱ ግቢ ውስጥ የድንጋይ ጋጥ ከሠራለት በኋላ ነው ጣቱን ያሰረው። ያ ጣት ከዚያ ወዲህ መሪ ሲይዝ አይታጠፍለትም። «ስንድዬ፣ ይኼ ዕድሜው ረጅም ነው» አላት። «እንደ እማዬ ጥሎሽ አይሄድም።» አርጃኖው ስንዱን እንደ ድንጋይ አያት። እሷ ግን «ጥሎሽ አይሄድም» የሚለው ቃል አንጀቷ ገባ።

ውብሸት እስስት አመጣ። እሱ በሚኖርበት ወይና ደጋ እስስት ከሞት ትከፋለች፤ የገባችበት ቤት ሰላም የለውም ይላሉ። ባለቤቱ «እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ» አለች። ውብሸት አልተቆጣም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያግባባት ውሎ አመሻሽ ላይ እስስቷን በአንድ ጣቷ አስነካት። ከዚያ ትከሻው ላይ አድርጎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ተሳፋሪው ወንበር እየለቀቀ ሸሸው፤ ተማሪዎቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሼ እስስት» ይሉት ጀመር። «ዘመንሽን ሙሉ የሌላ ሰው ልብስ ስታሳምሪ ኖርሽ» አላት። «አንዴ ደግሞ ቆንጆ ነገር የአንቺ ይሁን። ዕድሜዋ ግን አጭር ነው፤ አልዋሽሽም።» እስስቷ ልርገጥ አልርገጥ እያለች በስንዱ ጣት ላይ ወጣች። አንድ ዓይኗን ወደ መስኮቱ፣ አንዱን ወደ ስንዱ አዞረች። ስንዱ እንዳትደነግጥባት ብላ መተንፈሱን ተወችው።

ፍሬው ባዶ እጁን መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ ከመስኮቱ በላይ በውጭ በኩል አምፖል ሰቀለና ወረደ።

«የታለ?» አለችው።

«ግድግዳው ውስጥ ነው እታለም። ድሮም ነበረ፤ መጥረጊያ ፈርቶ ነው። አንቺ መብራቱን አብሪ፤ መጥረጊያውን ለእኔ ስጪኝ።» መጥረጊያውን ይዞት ሄደ። አዲስ አበባ ያገኘውን ጥሩ ሥራ እሷን ትቶ ላለመሄድ ሲል እንደተወው አልነገራትም፤ ስንዱ ከሰው ነው የሰማችው። አመሻሹ ላይ ከግድግዳው ስንጥቅ አንዲት ጣት የምታክል እንሽላሊት ወጣች፤ የእሳት ራት ላፍ አድርጋ ገባች። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን ቀረች። ስንዱ የሚጠብቃት ነገር ስትፈልግ፣ ጭራሽ እሷ ጠባቂ ሆና ወንበር ይዛ ቁጭ አለች።

እንዲህ እያሉ ሁዳዴ ገባ። ይኸውላችሁ፣ የስንዱ ስህተት እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ቤት ጾም ሲገባ የማይጾም አልነበረም። ድሮ ድመቷ እንኳ ሁለት ወር ሙሉ እየነጫነጨች ሽሮ ነበር የምትበላው። ስንዱም ለአርጃኖው የምትሰጠውን እንቁላል፣ ለእስስቷ የምታቀርበውን ፌንጣ አቆመች። ለአርጃኖው እንጀራ በሽሮ ፈተፈተችለት። ለእስስቷ ሽምብራ ቀቅላ፣ ላጥ ላጥ አድርጋ አቀረበችላት። ጎረቤት ሲጠይቃት «በነነዌ ጊዜ ከብቶቹም ጾመዋል» ትላለች ኮራ ብላ።

አርጃኖው ሽሮውን አሸተተና ፊቱን አዞረ። በማግስቱ የድንጋዩን ጋጥ ዘሎ ጎረቤት ገባና ዶሮዎቹ የታቀፉትን እንቁላል አንድ በአንድ ዋጠው። «ስንዱ!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘሀራ ከአጥሩ ማዶ። «ያንቺ ዘንዶ ጾሙን እኔ ቤት መጥቶ ገደፈ!»

እስስቷ የትም አልሄደችም። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ውጭ ፌንጣው ይዘላል። እሷ ግን መጋረጃው ላይ እንደተጣበቀች ቀረች። ስንዱ ባለፈች ቁጥር አንድ ዓይኗ እጇን ይከተላል። እጇ ሽምብራ ይዞ ሲመጣ ዓይኗ ይመለሳል። አረንጓዴዋ ጠፍቶ አመድ መሰለች፤ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገቡ።

የግድግዳዋ እንሽላሊት ደግሞ ሁዳዴ መግባቱንም አልሰማች። መብራቱ ሥር የእሳት ራቷን ትለቅማለች፤ ሆዷ ክብ ብሏል። በመጣች ቀን መጣች፣ በቀረች ቀን ቀረች።

ስንዱ ጨነቃትና ነፍስ አባቷ ጋ ሄደች። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀል አሳልመዋት እስክትጨርስ ሰሟት።

«ነነዌ ሦስት ቀን ነው ልጄ» አሉ። «አንቺ እስስቷን ሁለት ወር ልታስጾሚያት ነው? ለመሆኑ ኃጢአቷ ምንድን ነው?»

«የለባትም አባ።»

«እንግዲያው የምትቀጫት ለምን ጥፋቷ ነው? አንቺ ጾም ታውቂያለሽ። እሷ የምታውቀው ራቧን ነው። ሂጂ፣ አብያት።»

ስንዱ ሮጠች። በጠራራ ፀሐይ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ካለው ደረቅ ሳር ውስጥ ተንበርክካ ፌንጣ ታሳድድ ጀመር። አቧራው ደረቷን ያዘው። ሊጠይቋት የመጡት ወንድሞቿ እዚያ አገኟት፤ ጉሮሮዋ እያፏጨ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጭብጧን አልከፍት ብላ። ደግፈው ቤት አስገቧት። መድኃኒቷን ሳትስብ ፌንጣውን ወደ መጋረጃው ዘረጋች። እስስቷ ብዙ ቆየች። ከዚያ ምላሷ ተወረወረ፤ ፌንጣው ከስንዱ ጣቶች መሃል ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው ስንዱ ያለቀሰችው። «ልገድላት ነበር» አለች። «መስኮቱ ክፍት ሆኖ እኮ እኔን ስትጠብቅ ነበር።» ስትመኘው የኖረችው ነገር እንደዚህ እንደሚያስፈራ አታውቅም ነበር።

ሲረጋጉ አስናቀ፣ «ስንድዬ፣ ጀማሪ ይሳሳታል» አለ። «የእኔው ስህተትሽን ይችላል። ብትሳሳቺ አጥር ዘሎ በልቶ ይመለሳል።»

ውብሸት፣ «የእኔዋ አትችልም» አለ። «ለዚህ ነው ሁለተኛ የማትሳሳቺው። አንቺን ብሎ የተራበ ሌላ ማን አለ?»

ፍሬው፣ «የእኔዋ መሳሳትሽንም አታውቅም» አለ። «ግን እታለም፣ ሳትይዣት፣ ሳትዘጊባት፣ ወዳ የምትመጣ እሷ ብቻ ናት።»

ፋሲካ አለፈ። ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ደረሰ። አስናቀ መኪናውን በር ላይ አቁሞ አርጃኖውን በሳጥን ጭኗል፤ የማይታጠፈው ጣቱ መሪው ላይ ቀጥ ብሏል። ውብሸት እስስቷን በቅርጫት ይዟል፤ ባለቤቱም አብራው መጥታ ቅርጫቱን በአንድ በኩል ይዛለታለች። ፍሬው አምፖሉን ፈትቶ ኪሱ ከቶታል።

«ይሄ ግድግዳ ሲፈርስ ያቺው እንሽላሊት ትመጣለች?» ስንዱ ጠየቀችው።

«እኔ እንጃ እታለም። መብራቱን እሰቅለዋለሁ። ከመጣች መጣች።»

ስንዱ እቃዋ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ፣ የሚፈርሰውን ቤት በር በልማድ ቆለፈችው። ከዚያም ቁልፉን እንደያዘች፣ ሁልጊዜ ከመግባቷ በፊት ትቆምበት በነበረው ቦታ ቆመች። በአጥሩ ማዶ ያየቻት ድመት ትዝ አለቻት። አርጃኖው ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አያውቃትም። እስስቷ ታውቃታለች፤ ግን ቶሎ ትሞትና ስንዱ እንደገና ባዶ ቤት ታገኛለች፤ ያውም የሰው ቤት። የግድግዳዋ እንሽላሊት በፈቃዷ ትመጣለች፤ ግን ላትመጣም ትችላለች። ከሦስቱ አንዱን ከመረጠች ደግሞ መመለስ የለም፤ የእናት ቃል ነው።

እኔ የደረሰኝ ወሬ እዚህ ድረስ ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ እናንተ ናችሁ። አንዱ ጣቱን ሰጠ፣ አንዱ ክብሩን ሰጠ፣ አንዱ መንገዱን ተወ፤ በፍቅር ማንም ከማንም አያንስም፣ ስለዚህ በእሱ አትከራከሩ። የሚጠብቃት ነገር የፈለገችው ሴት እናንተ እስክትስማሙ ድረስ ቁልፏን ይዛ በር ላይ እየጠበቀች ነው፤ ስንዱ የማንን እንሽላሊት ይዛ፣ የማንን ቤት ቤቴ ትበል?